የቁርጭምጭሚት ድጋፍ ሴሬብራል ፓልሲ ላለባቸው ልጆች፦ ሚዛን መቼ ይሰጣል? መቼስ ይነሣል?

ዝም ብሎ መቆም ሥራ አይመስልም። ነገር ግን የቆመ ሰው ፈጽሞ ረግቶ አያውቅም። አካሉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እምብዛም በማይታይ መጠን ይወዛወዛል፤ የባትና የቅልጥም ጡንቻዎች ደግሞ ይህን ውዝዋዜ በየቅጽበቱ እየተከታተሉ ያርማሉ። በአውቶቡስ ውስጥ ቆሞ የሚጓዝ ተሳፋሪ ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ የሚያደርገውን ማስተዋል ይበቃል። ንቅናቄው ቀላል ከሆነ በቁርጭምጭሚቱ ብቻ ይመክተዋል። ከበረታ ወገቡን አጥፎ ይመለሳል። ያም ካልበቃ አንድ እግሩን አንሥቶ ይረግጣል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ሰውየው ሳያስበው፣ በቅጽበት ነው።

ሴሬብራል ፓልሲ ባለበት ልጅ ዘንድ ይህ ሥርዓት ከመነሻው ይዛባል። ከአንጎል የሚመጣው ትእዛዝ ይዘገያል፤ ሲደርስም ተራ በተራ መሥራት የሚገባቸውን ጡንቻዎች በአንድ ላይ ያስወጥራቸዋል። ባቱ ተገትሮ ተረከዙን ከመሬት ያነሣዋል። ልጁ በሁለት ሙሉ ውስጥ እግሮቹ መቆም ሲገባው፣ በጣቶቹና በጣቶቹ ሥር ባለች ጠባብ ቦታ ላይ መላ አካሉን ለማቆም ይገደዳል። እንዲህ ቆሞ ሳለ ለሰላምታ እጁን መዘርጋት እንኳ ሊጥለው ይችላል።

እንዲህ ያለውን ልጅ አዝለው ወይም ደግፈው ወደ ማገገሚያ ማዕከል የሚሄዱ ወላጆች ብዙውን ጊዜ ይዘው የሚመለሱት ከፕላስቲክ የተሠራ የእግር ድጋፍ ነው። ድጋፉ ከጣቶች ሥር ተነሥቶ ተረከዝን በማቀፍ እስከ ባት ይዘልቃል፤ በማሰሪያዎችም ይጠብቃል። ባለሙያዎች በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ኤኤፍኦ ይሉታል፤ ወላጆች ግን ብሬስ ማለትን ለምደዋል። አንዱን ልጅ ተረከዙን መሬት አስነክቶ፣ ጉልበቱን አቅንቶ ያቆመዋል። ሌላውን ደግሞ እንደምንም ይዞት የነበረውን ሚዛን ይነሣዋል። ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ብሬሱን ለሚያዝዘው ባለሙያ ብቻ ሳይሆን፣ በየማለዳው ለልጁ ለምታስረው እናትም ያስፈልጋል።

ጉዳቱ አንጎል ላይ፣ መዘዙ እግር ላይ

ሴሬብራል ፓልሲ ገና በማደግ ላይ ባለ አንጎል ላይ በሚደርስ ጉዳት የሚከሰት የእንቅስቃሴና የአቋም መታወክ ነው። ጉዳቱ በማሕፀን ሳለ፣ በምጥ ጊዜ ወይም በመጀመሪያዎቹ የሕይወት ዓመታት ሊደርስ ይችላል። ያለ ጊዜው መወለድ፣ በወሊድ ወቅት የሚያጋጥም የኦክስጅን እጥረት፣ ሳይታከም የቆየ የጨቅላ ሕፃናት ከባድ ቢጫነት፣ ማጅራት ገትርና ወደ አንጎል የዘለቀ ወባ ከምክንያቶቹ መካከል ናቸው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እርግማን አይደለም፤ እናት በእርግዝናዋ ጊዜ ለፈጸመችው ጥፋት የመጣ ቅጣትም አይደለም። ይህ የታወቀ ነገር ቢመስልም፣ በብዙ ቤት ልጁ ወደ ሐኪም ከመወሰዱ በፊት ዓመታት የሚያልፉት በዚሁ ጥያቄ ላይ ነው።

በምሥራቅ ኡጋንዳ የተካሄደና እአአ በ2017 የታተመ ጥናት ከ1,000 ልጆች መካከል 2.9 የሚሆኑት ሴሬብራል ፓልሲ እንዳለባቸው አሳይቷል። በበለጸጉት አገራት ቁጥሩ ከ1,000 በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት ወደ 1.6 ወርዷል። ልዩነቱ በአብዛኛው የሚገናኘው ከወሊድና ከጨቅላ ሕፃናት እንክብካቤ እንዲሁም ከወባና ከመሰል ኢንፌክሽኖች ጋር ነው።

የአንጎሉ ጉዳት በራሱ እየባሰ አይሄድም። እግሩ ግን ይለወጣል። አጥንት ከዓመት ዓመት ሲረዝም፣ ዘወትር ተገትሮ የሚውለው የባት ጡንቻ እኩል አብሮት አይረዝምም። በሁለት ዓመቱ በእጅ ሲገፋ እሺ ብሎ ይታጠፍ የነበረ ቁርጭምጭሚት በስምንት ዓመቱ አልታጠፍ ይላል። ወይም ደግሞ ውስጥ እግሩ ወደ ውስጥ ይደፋና ተረከዙ ወደ ውጭ ይገለበጣል፤ ልጁም በእግሩ የጎን ጠርዝ ላይ መቆም ይጀምራል።

ይህን የመገተር ሁኔታ በሰፊው ለሕክምናው ዓለም ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ጆን ሊትል ነበር። እአአ በ1861 ለለንደን የማዋለድ ሐኪሞች ማኅበር ባቀረበው ጽሑፍ የሕፃናትን የእጅና የእግር መገተር ከአስቸጋሪ ወሊድ ጋር አያይዞ ገለጸው፤ ሕመሙም ለረዥም ጊዜ በስሙ ሲጠራ ኖሯል። ሊትል ራሱ በልጅነቱ በፖሊዮ እግሩ ተቆልምሞ ያደገ፣ በኋላም ወደ ጀርመን ተጉዞ የተረከዝ ጅማቱን በቀዶ ሕክምና ያስለቀቀ ሰው ነበር። የልጆችን እግር ልብ ብሎ መመልከቱ አያስገርምም።

ፕላስቲኩ ምን ያደርጋል?

ጤናማ እርምጃ የሚጀምረው በተረከዝ ነው። ተረከዝ መሬት ይነካል፤ ቅልጥም በቆመው እግር ላይ ወደ ፊት ይንከባለላል፤ በመጨረሻም ተረከዝ ተነሥቶ የእግሩ ፊት መሬቱን ይገፋል። ባቱ የተገተረበት ልጅ የመጀመሪያውን ደረጃ ያጣዋል። እርምጃውን የሚጀምረው ሌላው ሰው በሚጨርስበት፣ በጣቶቹ ነው።

ብሬሱ ከሁሉ በፊት ተረከዙን ወደ መሬት ይመልሰዋል። በዚህም ልጁ የሚቆምበት ቦታ ይሰፋል። እግሩ በአየር ላይ ሲወነጨፍ ደግሞ ጣቶቹ እንዳይንጠለጠሉና በድንጋይ እንዳይደናቀፉ ያደርጋል። ከዚህ የማይተናነስ ሦስተኛ ጥቅምም አለው፤ ቁርጭምጭሚትን በመያዝ ጉልበትን ይቆጣጠራል። ቁርጭምጭሚት ወደ ታች ሲገፋ ጉልበት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ቁርጭምጭሚት ወደ ፊት ሲወድቅ ጉልበት ይታጠፋል። ስለዚህ ጥሩ ባለሙያ ብሬስ ሲሠራ ዓይኑ እግሩ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ጉልበቱንና ዳሌውን ያያል።

ብሬስ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ውስጥ እግሩ ወደ ውስጥ ለሚደፋበት፣ ነገር ግን ቁርጭምጭሚቱን በራሱ ማዘዝ ለሚችል ልጅ ከቁርጭምጭሚት አጥንት ጥቂት ከፍ ብሎ የሚያበቃ አጭር ድጋፍ ይበቃዋል። እግሩ በሚነሣበት ጊዜ ብቻ ለሚንጠለጠልበት ልጅ ከተረከዙ በስተኋላ ቀጠን ተደርጎ የሚቆረጥ፣ እንደ ስፕሪንግ የሚተጣጠፍ ብሬስ ይሰጠዋል። ጣቶቹን ወደ ታች መግፋት እንዳይችል፣ ቅልጥሙን ግን ወደ ፊት ማዘንበል እንዲችል የሚፈለግ ልጅ በቁርጭምጭሚቱ በኩል ማጠፊያ ያለው ይታዘዝለታል። መገተሩ ከባድ ለሆነበት ልጅ ቁርጭምጭሚቱን ፈጽሞ የማያንቀሳቅስ፣ ከጎንና ከኋላ አጥብቆ የሚይዝ ብሬስ ይሠራለታል። ጉልበቱ እየታጠፈ ወደ ታች ለሚሰምጥ፣ ብዙውን ጊዜም ክብደቱ እየጨመረ ለሄደ ታዳጊ ደግሞ ከፊት ለፊት ቅልጥሙን የሚደግፍ ብሬስ አለ። ይህ ዓይነቱ መሬቱ እግሩን ሲገፋው ግፊቱን ወደ ቅልጥሙ አስተላልፎ ጉልበቱን ወደ ኋላ ይመልሰዋል።

ስሕተት ብዙውን ጊዜ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ማጠፊያ ያለው ብሬስ ዘመናዊና ምቹ ስለሚመስል ብዙ ወላጆች ይመርጡታል። ጉልበቱ ታጥፎ ለሚሰምጥ ልጅ ግን ቅልጥሙ ይበልጥ ወደ ፊት እንዲወድቅ በር ይከፍትለታል። በጣቶቹ የሚሄድ ልጅም ሁልጊዜ በዚያው አይቀጥልም። ዕድሜውና ክብደቱ ሲጨምር፣ በተለይም የተረከዝ ጅማቱ ከሚገባው በላይ በቀዶ ሕክምና ከተለቀቀ፣ ወደ ጎንባሳ አረማመድ ሊለወጥ ይችላል። በአምስት ዓመቱ ትክክል የነበረ ብሬስ በአሥራ አንድ ዓመቱ ትክክል ላይሆን ይችላል ማለት ነው።

በነገራችን ላይ፣ ቆልማማ ሆነው ለተወለዱ ሕፃናት የሚሰጠውና ሁለት ጫማዎችን በአንድ ዘንግ የሚያገናኘው ብሬስ ከዚህኛው ጋር ዝምድና የለውም። ያኛው በጀሶ የቀና እግር እንዳይመለስ በዋናነት በእንቅልፍ ሰዓት የሚደረግ ነው። ሁለቱን የሚያምታቱ ቤተሰቦች ስላሉ ልዩነቱን ማወቁ አይከፋም።

ሚዛን ሲሰጥና ሲነሣ

ብሬስ አረማመድን በተመለከተ የሚሰጠው ጥቅም በብዙ ጥናቶች ታይቷል። ልጆች ረዘም ያለ እርምጃ ይራመዳሉ፤ እግራቸው በተረከዝ ያርፋል፤ ከፊሎቹም ተመሳሳይ መንገድ ለመሄድ የሚያወጡት ጉልበት ይቀንሳል። ሚዛንን በተመለከተ ግን ማስረጃው እንዲህ አንድ ወጥ አይደለም። ምክንያቱም ከላይ በተጠቀሰው የአውቶቡስ ተሳፋሪ ላይ ይገኛል፤ ቁርጭምጭሚቱ የታሰረ ሰው ቀላሉን ንቅናቄ የሚመክትበትን የመጀመሪያ መሣሪያውን አጥቷል።

እአአ በ1999 የታተመ የአሜሪካውያን ተመራማሪዎች ጥናት ይህንኑ ለመፈተን ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው ልጆች የቆሙበትን መድረክ ድንገት አንቀሳቀሰ። ልጆቹ ቁርጭምጭሚትን ፈጽሞ የሚይዝ ብሬስ ባደረጉ ጊዜ ሚዛናቸውን በቁርጭምጭሚት የመመለስ ዘዴያቸው ተዳክሞ፣ የባት ጡንቻቸውም ምላሽ ቀንሶ ታየ። ከዚያ የሚለጠጠው ብሬስ ይህን ያህል አልገደባቸውም።

ከዚህ ተነሥቶ ጠንካራው ብሬስ መጥፎ ነው ማለት አይቻልም። ያለ ድጋፍ ጨርሶ መቆም ለማይችል ልጅ የቁርጭምጭሚት ዘዴ የሚባል ነገር መጀመሪያውኑ የለውም፤ ስለዚህ የሚያጣው ጥቂት፣ የሚያገኘው ብዙ ነው። ከታች መሠረት ሲያገኝ ጉልበቱንና ዳሌውን ማዘዝ ይማራል፤ እጁም ሚዛን ከመጠበቅ ነፃ ወጥቶ እርሳስ መያዝ ይችላል። በአንጻሩ በራሱ እየተራመደ፣ አልፎ አልፎ ብቻ የሚወድቅ ልጅ በጠንካራ ፕላስቲክ ቢታሰር፣ ለቀጥታ አረማመድ ሲባል በኳስ ሜዳ ያለውን ቅልጥፍና ይከፍላል። አንዳንዱ ልጅ ብሬሱን አውልቆ ጥግ ላይ የሚጥለው በእልኸኝነት ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ በብዙ የውጭ አገር መመሪያዎች ውስጥ ጎልቶ የማይገኝ አንድ ጉዳይ አለ። መመሪያዎቹ የተጻፉት ልጁ ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ፣ ለስላሳ ወለል ላይ እንደሚሄድ፣ መጸዳጃ ቤትም በመቀመጫ እንደሚጠቀም ታስቦ ነው። በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ ግን በብዙ ቤት ልጅ የሚቀመጠው መሬት፣ ምንጣፍ ወይም አጭር ዱካ ላይ ነው። መጸዳጃ ቤት ቁጢጥ ማለትን ይጠይቃል። ሶላት መስገድ ጉልበትንና ቁርጭምጭሚትን ማጠፍ ይፈልጋል። ቁርጭምጭሚት ፈጽሞ በታሰረበት ቁጢጥ ማለት አይቻልም ማለት ይቀላል። ስለዚህ ብሬስ ከመታዘዙ በፊት መጠየቅ ያለበት ልጁ እንዴት እንደሚራመድ ብቻ ሳይሆን ቀኑን የት፣ በምን አኳኋን እንደሚያሳልፍ ጭምር ነው። ለአንዳንዱ ልጅ መልሱ ጠንካራውን ብሬስ ለትምህርት ቤት መንገድ አድርጎ ቤት ውስጥ ማውለቅ ይሆናል። ለሌላው ማጠፊያ ያለው ይሻለዋል። ቤተሰቡ ካልተጠየቀና ካልተናገረ ግን ባለሙያው ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለም።

ከጀሶ እስከ ጫማ

አሠራሩ የሚጀምረው በጀሶ ነው። ባለሙያው በልጁ እግር ላይ ቀጭን ካልሲ አልብሶ እርጥብ የጀሶ ፋሻ ይጠቀልላል፤ እስኪደርቅም እግሩን በተፈለገው ቅርጽ ይዞ ይቆያል። ወሳኙ ጊዜ ይህ ጥቂት ደቂቃ ነው። ልጁ ካለቀሰና እግሩን ከገተረ፣ ጀሶው የሚቀርጸው የተገተረውን እግር ነው፤ በዚያ ላይ የተሠራው ብሬስም ስሕተቱን ይወርሳል። ልጁን የሚያጫውት ወላጅ በዚያች ሰዓት ከባለሙያው ያላነሰ ሥራ ይሠራል።

ከዚያ የደረቀው ጀሶ ተቆርጦ ይወጣል፤ ውስጡ በፈሳሽ ጀሶ ተሞልቶ የእግሩ ምስል ይገኛል። አጥንት የሚወጣበት ቦታ ላይ ጀሶ ይጨመራል፤ ግፊት የሚፈለግበት ቦታ ይፋቃል። በ180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የጋለ የፖሊፕሮፒሊን ፕላስቲክ በምስሉ ላይ ተዘርግቶ አየሩ ሲመጠጥ ቅርጹን ይይዛል። ሲቀዘቅዝ ተቆርጦ፣ ጠርዙ ተስተካክሎ፣ ማሰሪያ ይደረግለታል። ፖሊፕሮፒሊን ርካሽ፣ ቀላልና ውኃ የማያበላሸው በመሆኑ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ በሚደግፋቸው ማዕከላት ለዓመታት ሲሠራበት ቆይቷል።

ከጀሶው በፊት አንድ ምርመራ ሊዘለል አይገባም። የልጁ ጉልበት ቀጥ ብሎ ሳለ እግሩ ወደ ላይ ምን ያህል ይታጠፋል? ዋናው የባት ጡንቻ ጉልበትንም ተሻግሮ የሚያያዝ በመሆኑ፣ ጉልበት ታጥፎ የሚለካ ቁርጭምጭሚት ያታልላል። ጡንቻው ያጠረበትን እግር በግድ ቀጥ አድርጎ ብሬስ ውስጥ መክተት ተረከዙን አያወርደውም፤ ይልቁንም እግሩ ከመሐሉ ተሰብሮ ውስጥ እግሩ እንደ ጀልባ ሆድ ይወጣል። ይህ ሲሆን ከላይ ሲታይ ብሬሱ የሠራ ይመስላል። እንዲህ ላለው ልጅ አስቀድሞ ባቱን በየሳምንቱ በሚቀያየር ጀሶ ማሳሳብ፣ በአንዳንድ ቦታ የቦቱሊነም መርፌ መስጠት፣ ወይም ብሬሱን እግሩ በሚፈቅደው ማዕዘን ሠርቶ ተረከዙ ሥር ከፍታ መጨመር ይሻላል።

ስለ ከፍታ ሲነሣ ጫማ ይመጣል። በዌልስ የሚሠሩት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ኢሌን ኦውን ለብዙ ዓመታት ሲያስረዱ እንደኖሩት፣ ብሬስና ጫማ ተለያይተው የሚታዩ ነገሮች አይደሉም። ልጁ ጫማውን አድርጎ ሲቆም ቅልጥሙ ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ገደማ ወደ ፊት ዘንበል ቢል አካሉ በእግሩ ላይ በደንብ ይመዛዘናል። ከዚያ ወደ ኋላ ከቀረ ልጁ ወደ ኋላ የመውደቅ ስሜት ስለሚያድርበት ወገቡን አጥፎ ይቆማል። ተረከዝ ሥር የምትገባ ጥቂት ሚሊሜትር ጎማ ይህን ልትለውጥ ትችላለች። ርካሽ ማሻሻያ ነው፤ የሚያስፈልገው ልጁን በጎን ሆኖ ልብ ብሎ መመልከት ነው።

ችግሩ ብሬስ የሚያስገባ ጫማ ማግኘት ነው። ብሬስ ያደረገ እግር ከወትሮው አንድ ወይም ሁለት ቁጥር የሚበልጥ፣ አፉ እስከ ጣቶቹ ድረስ የሚከፈት፣ በክር ወይም በተጣባቂ ማሰሪያ የሚጠብቅ ጫማ ይፈልጋል። ነጠላ ጫማና የፕላስቲክ ኮንጎ አይሆኑም። በአንድ እግሩ ብቻ ብሬስ የሚያደርግ ልጅ ደግሞ ሁለት የተለያየ ቁጥር ያላቸው ጫማዎች ያስፈልጉታል። በአዲስ አበባ የሰልባጅ ተራም ሆነ በናይሮቢ የሚቱምባ ገበያ ቆይቶ መፈለግ ብዙ ጊዜ ከአዲስ ጫማ የተሻለ ነገር ያስገኛል፤ ያገለገለ የስፖርት ጫማ ሰፊና ለስላሳ ነው።

ቤት ሲገባ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም፣ መስጊድ ሲገባ ጫማ ይወልቃል። ብሬሱ ብቻውን በለስላሳ ወለል ላይ ሲረግጥ ግን ይንሸራተታል፤ ተረከዙ ሥር የተሰላው ከፍታም ከጫማው ጋር ይቀራል። ወርክሾፑ ከብሬሱ ሥር የማያንሸራትት ጎማ እንዲለጥፍ መጠየቅ ይቻላል። ጥያቄው ትንሽ ቢመስልም ቀኑን ግማሽ በቤቱ ውስጥ ለሚውል ልጅ ትልቅ ነው።

ከፖሊዮ የተወረሰ ሙያ

በቀጠናው ያሉ በርካታ የአካል ድጋፍ ወርክሾፖች ታሪካቸው ከፖሊዮና ከጦርነት ጋር የተሳሰረ ነው። የኬንያ አካል ጉዳተኞች ማኅበር እአአ በ1958፣ የኢትዮጵያው ቼሻየር ደግሞ በ1962 ተመሠረቱ፤ ቼሻየር በመናገሻ ማዕከሉ በፖሊዮ እግራቸው የሰለለ ልጆችን ሲያስተናግድ ኖሯል። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ለጦርነት ተጎጂዎች የአካል ማገገሚያ መርሐ ግብሩን በ1979 ጀመረ። በሶማሊያና በሶማሊላንድ የሶማሊያ ቀይ ጨረቃ ማኅበር የማገገሚያ ማዕከላትን ያስተዳድራል። በታንዛኒያ ሞሺ ከተማ በ1981 የተከፈተው ማሠልጠኛ ከበርካታ የአፍሪካ አገራት የመጡ ባለሙያዎችን አስተምሯል።

አፍሪካ እአአ በነሐሴ 2020 ከተፈጥሯዊው የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ ተብላለች። ዛሬ በእነዚህ ማዕከላት ደጃፍ ተራ የሚጠብቀው ልጅ ብዙውን ጊዜ ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ነው። ሥራው ግን አንድ አይደለም። ለፖሊዮ እግር ብሬስ የሚሠራ ሰው የሚደግፈው የላላ ጡንቻን ነው፤ እግሩ በተቀመጠበት ይቀመጣል፤ ልጁም የት እንደሚያመው ይናገራል። በሴሬብራል ፓልሲ ጡንቻው ከፕላስቲኩ ጋር ይታገላል፤ ልጁ ሲደነግጥ ወይም ሲስቅ ግትርነቱ ይጨምራል፤ ከልጆቹ አንዳንዶቹም መናገር ስለማይችሉ ሕመማቸውን በለቅሶ ብቻ ይገልጻሉ። ይህን ልዩነት በሚገባ የተማሩ ባለሙያዎች በአዲስ አበባ፣ በኬንያ ኪጃቤና በኡጋንዳ ኪሱቢ በሚገኙት ለልጆች የአጥንት ሕክምና በሚሰጡ ሆስፒታሎች ይገኛሉ። ከእነዚህ ከተሞች ራቅ ባለ ቁጥር ግን ማግኘቱ ይከብዳል።

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2022 ባወጡት ሪፖርት መሠረት፣ የሚያስፈልጋቸውን የድጋፍ መሣሪያ ያገኙ ሰዎች በአንዳንድ ድሃ አገራት 3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ በአንዳንድ ሀብታም አገራት 90 በመቶ ይደርሳሉ። ከዚህ ቁጥር በስተጀርባ አንድ ለልጆች ብቻ የተለየ ችግር አለ። አዋቂ ሰው የሚሰጠውን መሣሪያ ለዓመታት ሊጠቀምበት ይችላል፤ ልጅ ግን ያድጋል። ብሬስ በአማካይ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በፍጥነት በሚያድግባቸው ወቅቶች ከዚያም ባነሰ ጊዜ መቀየር አለበት። ከሦስት ዓመቱ እስከ አሥራ አምስት ዓመቱ ብሬስ የሚያስፈልገው ልጅ ከአሥር ጥንድ በላይ ይፈልጋል ማለት ነው።

ስለዚህ በገጠር ለሚኖር ቤተሰብ ከባዱ የመጀመሪያው ብሬስ አይደለም። የመጀመሪያው በዘመቻ፣ በእርዳታ ድርጅት ወይም በዘመድ መዋጮ ሊገኝ ይችላል። ከባዱ ሦስተኛውና አራተኛው ነው። ብሬሱ በነፃ ቢሰጥ እንኳ አንድ ጊዜ ለጀሶ፣ አንድ ጊዜ ለልክ፣ አንድ ጊዜ ለማስተካከያ መመላለስ ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ ጉዞ የትራንስፖርት፣ የማደሪያና የሥራ ቀን ወጪ አለው፤ ልጁም ታዝሎ ነው የሚሄደው። በጀሶውና በብሬሱ መካከል ወራት ካለፉ ደግሞ የተሠራው ብሬስ ሲደርስ እግሩ አልፎታል። ለለጋሾች በሚቀርቡ ሪፖርቶች የሚቆጠረው የታደለው ብሬስ ብዛት ነው፤ ከዓመት በኋላ ስንቱ አሁንም በልክ እየተደረገ እንደሆነ ቢቆጠር ስዕሉ ሌላ በሆነ ነበር።

በውጭ የሚኖር ዘመድ ከኢንተርኔት ገዝቶ የሚልከው በቁጥር የተዘጋጀ ብሬስም ይህን ክፍተት አይሞላም። እግሩ ለስላሳና በእጅ የሚቀና ከሆነ ለጊዜው ሊጠቅም ይችላል። ለተገተረና ቅርጹ ለተለወጠ እግር ግን በልክ ያልተቀረጸ ፕላስቲክ ቁስል ነው። የሚላከው ገንዘብ ለጉዞና ለጫማ ቢውል ይሻላል።

በየማለዳው

አዲስ ብሬስ በአንድ ቀን አይለመድም። በመጀመሪያው ቀን ለአንድ ሰዓት ያህል፣ ከዚያም በየቀኑ ጥቂት እየተጨመረ ይለበሳል። ከሥሩ ብሬሱን በቁመት የሚበልጥ፣ ያልተጨማደደ የጥጥ ካልሲ ያስፈልጋል፤ ስፌቱ የሚቆረቁር ከሆነ ገልብጦ ማልበስ ይቻላል። ሲታሰር ጉልበቱን አጥፎ ተረከዙን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላና ወደ ታች ማስገባት፣ ከዚያም የቁርጭምጭሚቱን ማሰሪያ ከሁሉ በፊት ማጥበቅ ይገባል። ያ ማሰሪያ ከላላ ተረከዙ በብሬሱ ውስጥ ይነሣል፤ ልጁም ፕላስቲክ ውስጥ ሆኖ በጣቱ ይቆማል።

ብሬሱ ሲወልቅ ቆዳው መታየት አለበት። ማሰሪያ ያረፈበት ቦታ መቅላቱ የተለመደ ነው፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይጠፋል። ከዚያ በላይ የቆየ ቅላት፣ በተለይም በተረከዝና በቁርጭምጭሚት አጥንት ላይ ከሆነ፣ ብሬሱ መስተካከል እንዳለበት ይናገራል። በጥቁር ቆዳ ላይ ቅላት በግልጽ ላይታይ ስለሚችል በእጅ መዳሰስ፣ የሞቀና ያበጠ ቦታ መኖሩን መለየት ያስፈልጋል። የተላጠ ወይም ውኃ የቋጠረ ቆዳ ካለ ብሬሱ እስኪስተካከል ድረስ አይደረግም። የቆላ ሙቀት ላብ ስለሚያበዛ ካልሲውን እኩለ ቀን ላይ መለወጥ፣ ብሬሱንም በሳሙናና በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ይጠቅማል። ከከሰል ምድጃ አጠገብ ማድረቅ ግን ቅርጹን ያበላሸዋል።

የማይሠራውንም ማወቅ ያስፈልጋል። ብሬስ አንጎልን አይፈውስም። ግትርነትን እንደሚቀንስ ተደርጎ ይነገር የነበረውን ጥናቶች አላረጋገጡትም፤ ጡንቻ እንዳያጥር ይከላከላል ለሚለውም ያለው ማስረጃ ደካማ ነው። ተደርጎ ሳለ ይሠራል፤ ሲወልቅ ልጁ ወደ ቀድሞ አረማመዱ ይመለሳል። በመሆኑም ልምምድን አይተካም። ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ በአንድ እግር ለመቆም መሞከር፣ ደረጃ መውጣት፣ ከብሬስ ጋርም ያለ ብሬስም መጫወት ጡንቻውንና ሚዛኑን ያሠለጥናሉ። ባለሙያዎች የልጆቹን የእንቅስቃሴ አቅም ከእአአ 1997 ጀምሮ በአምስት ደረጃዎች ይመድባሉ፤ ለመራመድ የሚሰጥ ብሬስ በዋናነት የሚጠቅመው ከአንድ እስከ ሦስት ያሉትን ነው። አራተኛና አምስተኛ ደረጃ ላይ ያለ ልጅ በብሬስ ምክንያት ብቻ ይራመዳል ብሎ ቤተሰብን ተስፋ መስጠት ደግነት አይደለም። ለእርሱ ብሬሱ በመቆሚያ መደገፊያ ላይ እግሩን ለማስተካከልና በተሽከርካሪ ወንበር ላይ በሥርዓት ለማስቀመጥ ያገለግላል።

የልጁ ጣቶች ከብሬሱ ጫፍ ማለፍ ሲጀምሩ፣ የላይኛው ጠርዝ ባቱን ሲቆርጥ ወይም ልጁ ያለ ምክንያት አላደርግም ማለት ሲጀምር ቀጠሮ መያዝ ይገባል። የጠበበውን ብሬስ ለታናሽ ወንድም ወይም ለጎረቤት ልጅ ማስተላለፍ ቁጠባ ቢመስልም፣ በአንድ እግር ላይ የተቀረጸ ፕላስቲክ ለሌላ እግር አይሆንም። መጣልም አያስፈልግም፤ ወደሚቀጥለው ቀጠሮ ይዞ መሄድ ይሻላል። የት እንደ ተሰነጠቀ፣ የትኛው ጠርዝ እንደ ለሰለሰ፣ የጫማው ሥር በየትኛው ጎን እንደ ተበላ ያየ ባለሙያ ልጁ ባለፈው ዓመት እንዴት ሲራመድ እንደ ከረመ ከዚያ ያነባል።